ኪዩብ ሩት ለማውጣት የቱ ዘዴ ይሻላል? ለተማሪም ለበያጅም

ደሴ ውስጥ ኪዩብ ሩት የሚያስጨንቃቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። (2 በ2 በ2 ሲባዛ 8 ነው፤ ስለዚህ 8 የ2 ኪዩብ ነው፣ 2 ደግሞ የ8 ኪዩብ ሩት፤ ሲጻፍ ∛8።) አንዱ ተማሪ ነው። ካልኩሌተር ወደማይገባበት ፈተና ይገባል፤ ከአራት ምርጫ አንዱን ቶሎ ማጥቆር አለበት። ሌላው ታንከር የሚያሠራ ሰው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይኖራል። አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ፣ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም እኩል የሆነ ታንከር ይፈልጋል። በያጁ ደግሞ ላሜራውን ስንት በስንት ልቁረጥ ብሎ ይጠይቀዋል። የሁለቱም ጥያቄ ኪዩብ ሩት ነው። የአንዱን ዘዴ ለሌላው ብትሰጡት ግን ሁለቱም ሲደክሙ ይውላሉ።

ብዙ አስጠኚ የሚወደው አንድ ዘዴ አለው፤ ለመጣ ቁጥር ሁሉ እሱኑ ያስተምራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት ቁጥሩን እዩት። ፍጹም ኪዩብ ነው ወይ? ማለትም ሩቱ ያለ ነጥብ ይወጣል? ቀጥሎ የሚፈለገውን እዩ። ቁርጥ ያለ መልስ ነው ወይስ ለሥራ የሚበቃ ግምት? እነዚህ ከታወቁ ምርጫው ራሱ ይቀላል።

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ግን የማይቀር ዕዳ አለ። የመጀመሪያዎቹን ኪዩቦች በቃል መያዝ ነው። 1፣ 8፣ 27፣ 64፣ 125፣ 216፣ 343፣ 512፣ 729፣ 1,000። ይህ ካልተያዘ ከታች ያለው ሁሉ ወፍ የለም። ከተያዘ ደግሞ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ቁጥሩ ፍጹም ኪዩብ ሲሆን

በጣም ፈጣኑ የመጨረሻ አሃዝ ዘዴ ነው። 185,193ን እንውሰድ። የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች በጣታችሁ ሸፍኑ። 185 ይቀራል። 185 ያለው በ125 እና በ216 መሐል ነው፤ ስለዚህ የአስር ቤቱ 5 ነው። አሁን ጣታችሁን አንሱ። ቁጥሩ በ3 ያልቃል። ከአንድ እስከ አስር ካሉት ውስጥ ኪዩቡ በ3 የሚያልቀው 7 ብቻ ነው፤ 343 ነውና። መልሱ 57 ሆነ። ወረቀትም አላስፈለገም።

ለምን ይሠራል? የአሃዞቹ ኪዩቦች እያንዳንዳቸው በተለያየ አሃዝ ስለሚያልቁ ነው። 0፣ 1፣ 4፣ 5፣ 6 እና 9 በራሳቸው ያልቃሉ። 2 እና 8 ቦታ ይለዋወጣሉ፤ 3 እና 7ም እንዲሁ። ስኩየር ሩት ላይ ይህ አይሠራም። የ4 ስኩየር 16፣ የ6 ስኩየር 36 ነው፤ ሁለቱም በ6 ስለሚያልቁ የትኛው እንደሆነ አይለይም። በዚህ በኩል ኪዩብ ሩት ከስኩየር ሩት ይቀላል። ብዙ ተማሪ ተቃራኒውን ያስባል።

ዘዴው አንድ ትልቅ ጉድ አለበት። ይዋሻል። 185,213ን ስጡት፤ ያለ ምንም ኀፍረት 57 ይላችኋል። 185,213 ግን ፍጹም ኪዩብ አይደለም። ከ1 እስከ አንድ ሚሊዮን ካሉት ቁጥሮች ውስጥ ፍጹም ኪዩብ የሆኑት 100 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ የፊተኛውን ሚኒባስ ታርጋ እያያችሁ ብትለማመዱበት አብዛኛው መልሳችሁ ስህተት ይሆናል። ዘዴው ለፈተና የተሰፋ ልብስ ነው፤ ጠያቂው ቁጥሩን አስቀድሞ መርጦ ሲያቀርብላችሁ ብቻ ይሠራል።

ለመጠርጠር የሚረዳ አጭር ፍተሻ አለ። የቁጥሩን አሃዞች ደምሩ፤ አንድ አሃዝ እስኪቀር ድረስ መደመሩን ቀጥሉ። ፍጹም ኪዩብ ከሆነ የሚቀረው 1፣ 8 ወይም 9 ነው። ለ185,193 ድምሩ 27፣ ከዚያም 9 ይሆናል። አለፈ። ለ185,213 ድምሩ 20፣ ከዚያም 2 ነው። ወደቀ፤ ኪዩብ አይደለም። ፍተሻው ግን የሚያምኑት ሲጥል እንጂ ሲያሳልፍ አይደለም። 185,203 ድምሩ 19፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1 ይሆናል። ያልፋል፤ ግን ኪዩብ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ መምህራን የሚወዱት ነው፤ ቁጥሩን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ መበተን። 13,824ን ለ2 ደጋግማችሁ አካፍሉ፦ 6,912፣ 3,456፣ 1,728፣ 864፣ 432፣ 216፣ 108፣ 54፣ 27። ዘጠኝ ጊዜ 2 ወጣ። 27 ደግሞ ሦስት ጊዜ 3 ነው። አሁን ሦስት ሦስቱን እየመደባችሁ ከየምድቡ አንድ አንድ አውጡ፦ 2፣ 2፣ 2፣ 3። ተባዝተው 24። መልሱ ይሄው ነው።

ይህ መንገድ አይዋሽም። ቁጥሩ ፍጹም ኪዩብ ካልሆነ ምድቡ ስለማይሞላ ወዲያው ይታያል። ችግሩ ድካሙ ነው። 205,379ን በዚህ መንገድ ሞክሩ። በ2 አይካፈል፣ በ3 አይካፈል፣ በ5፣ በ7፣ በ11 እያላችሁ እስከ 53 ድረስ 16 ብቸኛ ቁጥሮችን ሞክራችሁ ሁሉም ይከሽፋሉ። አሥራ ሰባተኛው 59 ነው፤ መልሱም እሱ ነው። በመጨረሻ አሃዝ ዘዴ ብትሄዱ ግን 205 ከ125 በላይ ከ216 በታች፣ መጨረሻው 9፣ መልሱ 59። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ታዲያ መበተንን ለምን እንማራለን? ፈተና ላይ ሌላ ዘዴ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ስላሉ ነው። ለምሳሌ «1,372 ፍጹም ኪዩብ እንዲሆን በየትኛው ትንሹ ቁጥር ይባዛ?» ይላል። ሲበተን ሁለት 2 እና ሦስት 7 ነው። አንድ 2 ጎደለ። በ2 ሲባዛ 2,744፣ ሩቱ 14። ወይም ∛54ን አቅልሉ ይላል፤ 54 ማለት 27 በ2 ስለሆነ 3∛2 ይሆናል። እዚህ ላይ የጣት ሽፈና ምንም አይረዳችሁም። ለተማሪ የምመክረው ይህን ነው፦ ጥያቄው «ስንት ነው» ካለ የመጨረሻ አሃዝ፣ «አቅልል» ወይም «በስንት ይባዛ» ካለ መበተን።

ለታናናሾቹ፣ ማካፈል ገና ለሚከብዳቸው፣ ሦስተኛ መንገድ አለ። መቀነስ ብቻ ነው። ከቁጥሩ 1፣ ቀጥሎ 7፣ ቀጥሎ 19፣ 37፣ 61፣ 91 እያላችሁ ቀንሱ። የሚቀነሰው በየጊዜው በ6፣ በ12፣ በ18፣ በ24 ያድጋል። ከ216 ስንነሳ 215፣ 208፣ 189፣ 152፣ 91፣ 0። ስድስት ጊዜ ተቀነሰ፤ መልሱ 6። ልጅ ይህን ሲያይ ዓይኑ ይበራል። ግን ሩቱ 18 ከሆነ አሥራ ስምንት ጊዜ መቀነስ ነው፤ ከዚያ በላይ ማንም አይታገሥም።

ቁጥሩ ከሚሊዮን ሲያልፍ ሩቱ ሦስት አሃዝ ይሆናል፤ የመጨረሻ አሃዝ ዘዴም መሐሉን ይስታል። 12,812,904ን እዩ። ከሚሊዮን ቤት ያለው 12 ነው፤ በ8 እና በ27 መሐል ስለሆነ መጀመሪያው 2። መጨረሻው 4። መሐሉስ? 23 ሲኪዩብ 12,167 ነው፣ 24 ሲኪዩብ 13,824 ነው። 12,812 በሁለቱ መሐል ስለሚወድቅ መሐሉ 3 ነው፤ መልሱ 234። የ20ዎቹን ኪዩብ በቃል የማይዝ ሰው ግን እዚህ ጋ አባዝቶ መፈለግ አለበት።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ኔጌቲቭ ቁጥር ሲመጣ አትደንግጡ። ኪዩብ ሩት አለው፤ የ−64 ሩት −4 ነው። ምልክቱን ወደ ጎን ትታችሁ ሥሩ፣ መጨረሻ ላይ መልሱት።

ቁጥሩ ፍጹም ኪዩብ ሳይሆን

በሥራ ላይ ፍጹም ኪዩብ ብርቅ ነው። ኮምቦልቻ ሕንፃ ሲገነባ ኮንክሪት ለፍተሻ የሚሞላበት ሳጥን ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይዘቱ 3,375፣ ሩቱም ልክ 15 ይወጣል። ያ ግን ሆን ተብሎ እንዲያ ስለተሠራ ነው። ታንከር የሚያሠራው ሰው የሚመጣው «አምስት ሺህ ሊትር» ብሎ ነው፤ 5,000 ደግሞ ፍጹም ኪዩብ አይደለም።

አንድ ሊትር ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነው። ስለዚህ የ5,000ን ኪዩብ ሩት አውጥተን በ10 ብናባዛ የታንከሩን ጎን በሳንቲ ሜትር እናገኛለን። 17 ሲኪዩብ 4,913፣ 18 ሲኪዩብ 5,832 ነው። ሩቱ በ17 እና በ18 መሐል፣ ወደ 17 የተጠጋ ነው። ከዚህ በኋላ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው በድርሻ መገመት ነው። ከ4,913 እስከ 5,832 ያለው ርቀት 919 ነው። 5,000 ከ4,913 የሚበልጠው በ87 ነው። 87 ሲካፈል ለ919 ወደ 0.095 ነው። ግምቱ 17.095። አንድ ማካፈል ብቻ ነው፤ ማንም ይችለዋል።

ሁለተኛው ኒውተን በሚባለው ስም የሚታወቀው ነው፤ ቀመሩን ከማየት ግን ታንከሩን ማሰብ ይሻላል። ወለሉን 17 በ17 አድርጉት፤ ስፋቱ 289 ነው። 5,000 እንዲይዝ ቁመቱ ስንት ይሁን? 5,000 ለ289 ሲካፈል 17.301 ነው። እንግዲህ 17፣ 17 እና 17.301 የሆነ ሳጥን አለን። ይዘቱ ልክ ነው፤ ጎኖቹ ግን እኩል አይደሉም። ሦስቱን ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ። 17.100 ይመጣል። ካልበቃችሁ በዚህ አዲስ ቁጥር ያንኑ ድገሙት።

ትክክለኛው መልስ 17.0998 ነው። እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። በድርሻ መገመት ሁልጊዜ ከእውነተኛው ዝቅ ይላል። የሦስት ጎን አማካይ ደግሞ ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለቱንም ከሠራችሁ መልሱን በመሐል አጥምዳችሁታል፤ ከ17.095 በላይ፣ ከ17.101 በታች። «እስከ አንድ ነጥብ ቤት» የሚል ጥያቄ ከሆነ 17.1 ብላችሁ ያለ ስጋት ትጽፋላችሁ።

ሦስተኛው የእኔ ምርጫ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ብዙ አይነገርም። የእስክንድርያው ሄሮን በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የ100ን ኪዩብ ሩት ያወጣበትን ስሌት የሚከተል ነው። ከድርሻ ግምት ጋር ይመሳሰላል፤ አንድ ማስተካከያ ብቻ አለው። 5,000 ከ4,913 በ87 ይበልጣል፤ ከ5,832 በ832 ያንሳል። 87ን በላይኛው በ18 አባዙ፤ 1,566። 832ን በታችኛው በ17 አባዙ፤ 14,144። ሁለቱ ሲደመሩ 15,710። 1,566 ለ15,710 ሲካፈል 0.0997። መልሱ 17.0997። ከእውነተኛው ጋር የሚለያየው በአራተኛው ነጥብ ቤት ነው።

የሄሮን የራሱ ምሳሌ ልዩነቱን ይበልጥ ያሳያል። ለ100 በ4 እና በ5 መሐል ነን። 36 ይበልጣል፣ 25 ያንሳል። 36 በ5 180፣ 25 በ4 100። 180 ለ280 ማለት 9 ለ14 ነው። ስለዚህ 4.643። እውነተኛው 4.642 ነው። ተራው የድርሻ ግምት 4.590 ይላችኋል። ቁጥሩ ትንሽ በሆነ መጠን የድርሻ ግምት ይበላሻል፤ ሄሮን ግን ይጸናል።

እና በያጁ የቱን ይምረጥ? እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን። በድርሻ ግምት ጎኑ 170.95 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ትክክለኛው 171.00 ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የግራይንደሩ ዲስክ ራሱ ላሜራው ላይ ከዚያ በላይ ይበላል። ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ልኩ የውስጥ ነው ወይስ የውጭ? ታንከሩ እስከ አፉ ስለማይሞላ ከላይ ስንት ይተውለት? ሄሮንን ለተማሪና ለሚጠነቀቅ ሰው እተወዋለሁ።

ቁጥሩ በጣም ትንሽ ሲሆን ለሁሉም የሚሠራ አንድ ብልሃት አለ። ለምሳሌ ∛4። በ1 እና በ2 መሐል ነው፤ የድርሻ ግምት 1.43 ይላል፤ እውነተኛው ግን 1.587 ነው። ያሳፍራል። ስለዚህ በ1,000 አባዙት። ∛4,000ን ፈልጉ፣ መልሱን ለ10 አካፍሉ። 15 ሲኪዩብ 3,375፣ 16 ሲኪዩብ 4,096። አሁን ያው የድርሻ ግምት 15.867 ይሰጣል፤ ማለትም 1.5867። የሦስት ጎን አማካይ ከ16 ተነስቶ 16፣ 16 እና 15.625 ይላል፤ ሲካፈል 15.875፣ ማለትም 1.5875። ቁጥሩን ብቻ በማተለቅ ደካማው ዘዴ ጠንካራ ሆነ።

በአጭሩ የማልፋቸው

ስኩየር ሩት እንደ ማካፈል ተደርድሮ እንደሚሠራው ለኪዩብ ሩትም አለ። ሦስት ሦስት አሃዝ እየቆረጡ መሄድ ነው። ሕንዳዊው ሊቅ አርያባታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ499 የዚህን ዓይነት ስሌት ጽፎታል። ለ12,167፦ ከ12 ላይ 8 ቀንሱ፣ ሩቱ 2፣ ቀሪው 4,167። ቀጣዩን አሃዝ 3 ብላችሁ ገምቱ። 300 በ4 በ3 3,600፣ 30 በ2 በ9 540፣ 27 (4 የ2 ስኩየር፣ 9 የ3 ስኩየር፣ 27 የ3 ኪዩብ ነው)። ድምሩ 4,167፤ ቀሪ የለም። መልሱ 23። ያምራል፤ የፈለጋችሁትን ያህል ነጥብ ቤትም ይሰጣል። ግን አንድ አሃዝ ስትስቱ የኋላው ሁሉ ይፈርሳል። ከሄሮን በኋላ ለዚህ ጊዜ የሚሰጥ ሰው የሚወደው ስለሆነ ብቻ ነው።

የሎጋሪዝም ሠንጠረዥም አለ፤ ታላላቆቻችን የሚያውቁት። የ5,000 ሎግ 3.6990 ነው፣ ለ3 ሲካፈል 1.2330፣ ተመልሶ ሲታይ 17.10። ሠንጠረዡ ቤት ካለ ጥሩ ነው። ገዝቶ ማምጣት ግን አያስፈልግም።

ማሽን ሲኖር

ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ላይ የኪዩብ ሩት ምልክት አለ፤ ምንም አያከራክርም። የሚያከራክረው የሱቅ ካልኩሌተር ነው። ስኩየር ሩት አለው፣ ኪዩብ ሩት የለውም። ግን ይቻላል። ግምታችሁን በቁጥሩ አባዙ፤ ስኩየር ሩቱን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። በወጣው ያንኑ ድገሙ። ከ17 ስትነሱ 17 በ5,000 85,000 ነው፤ ሁለቴ ሲጫን 17.0748። ያ በ5,000 ተባዝቶ ሁለቴ ሲጫን 17.0935። ቀጥሎ 17.0982። በየዙሩ ስህተቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሦስት አራት ዙር ለታንከር ከበቂ በላይ ነው። ሱቅ በር ላይ ቆሞ ላሜራ የሚገዛ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ዘዴ ቢኖር ይህ ነው።

ኤክሴል ላይ ቁጥሩን ወደ 1/3 ማንሳት ይበቃል፤ ግን ቅንፍ አትርሱ። 5000^(1/3) ብትሉ 17.0998 ይመጣል። ቅንፉን ረስታችሁ 5000^1/3 ብትሉ 1,666.67 ይላችኋል፤ መጀመሪያ ወደ 1 አንስቶ ከዚያ ለ3 አካፈለው ማለት ነው። ታንከሩ መቶ ስልሳ ሰባት ሜትር ሊሆን ሲል ሰው ይነቃል፤ ደብተር ላይ ግን አይነቃም።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ሌላ ቦታ ፕሮግራሚንግ ለጀመራችሁ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ፓይተን ላይ 64ን ወደ 1/3 አንሱ። 4 አይላችሁም፤ 3.9999999999999996 ይላል። አንድ ሦስተኛን ኮምፒውተሩ በትክክል መያዝ ስለማይችል ነው። ነጥቡን ቆርጣችሁ ሙሉውን ብቻ ከወሰዳችሁ መልሳችሁ 3 ሆነ። ስለዚህ አትቁረጡት፤ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉት፤ ከዚያ መልሳችሁ ኪዩብ አድርጉት። ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ከገጠመ ፍጹም ኪዩብ ነው። ካልገጠመ ነጥብ ያለውን መልስ ጻፉ።